ሃያ ሁለት ቮልት

እሑድ ከሰዓት፣ ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን የጣቢያው ስልክ ጮኸ። ተረኛው እኔ ነበርኩ። 

«ከውሃ ማጣሪያው ነው የምደውለው» አለ አንድ የሽማግሌ ድምፅ። «ልጄን ገድለውብኛል። ኑ።»

ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። በሃያ ስድስት ዓመት የፖሊስ ሥራ የማያለቅስ ደዋይን መጠርጠር ለምጃለሁ፤ ብዙ ጊዜም ተሳስቼበታለሁ።

ማጣሪያው ከከተማው ጫፍ፣ ወንዙ ዳር ነው። ሳጅኗን ይዤ ስደርስ ሽማግሌው በሩ ላይ ቆመው ጠበቁን። ስልሳ ዓመት ያለፋቸው፣ ቱታቸው የተተኮሰ፣ የደረት ኪሳቸው ላይ ሁለት እስክሪብቶ የሰኩ ሰው ናቸው። በዚህ ግቢ ሠላሳ አንድ ዓመት በኦፕሬተርነት ሠርተዋል። የሞተችው የማጣሪያው ኬሚስት ናት። አንድ ልጃቸው ናት፤ ላለፉት ሦስት ዓመታት ደግሞ አለቃቸው ነበረች።

የገንዳው ክፍል ጠባብ ነው። መሃሉ ላይ እስከ ወገብ የሚደርስ የሲሚንቶ ገንዳ አለ። በውስጡ ስስ ብረቶች እንደ መጻሕፍት ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ውሃው በመሃላቸው ያልፋል። ከላያቸው ሁለት የመዳብ ዘንጎች ተጋድመዋል። ልጅቷ ገንዳው ሥር በጀርባዋ ተኝታለች። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። ነጭ ጋውን ለብሳለች፤ ጠጉሯ በጥንቃቄ ተጎንጉኗል። ግራ መዳፏና ቀኝ ክንዷ ላይ የቃጠሎ ምልክት አለ።

ገንዳው ውስጥ አንዲት ጠርሙስ ውሃ ይዛ ትንሳፈፋለች። ሳጅኗ በጓንት አውጥታ ከደነቻት። የተለጠፈባት ወረቀት ርሷል። «ያለ ጨው» የሚለው ይነበባል፤ ግን በላዩ ላይ መስመር ተሰምሮ ተሰርዟል። ከሥሩ ሌላ ጽሑፍ አለ፤ ቀለሙ ፈስሶ አይለይም።

የማጣሪያው ኤሌክትሪሺያን ከቤቱ ተጠርቶ መጣ። ዓይኑ በእንባ ቢሞላም እንደ ተማሪ አስቀምጦ አስረዳኝ።

«ወንዙ ትልቁን እርሻ አቋርጦ ነው የሚመጣው። እርሻው የአረም ማጥፊያ ይረጫል፣ ዝናብ ያጥበውና ወንዝ ይገባል። አሸዋ አያስቀረው፣ ማፍላት አያጠፋው። ኤሌክትሪክ ግን ይሰባብረዋል። እነዚህ ብረቶች ለዚህ ናቸው።»

«ኤሌክትሪክና ውሃ አንድ ላይ» አልኩት። «እስከ ዛሬ ሰው አለመሞቱ ነው የሚገርመው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የወንዝ ውሃ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ አይወድም። ስለዚህ ከበርሜል ጨው የሟሟበት ውሃ እየተንጠባጠበ ይገባበታል። ጨው ሲኖር ሃያ ሁለት ቮልት ይበቃል፤ ያቺ ደግሞ ትኮረኩራለች እንጂ አትገድልም። ጨው ሲጠፋ ግን፣ በሚቀጥለው ክፍል ያለው የኤሌክትሪክ ሳጥን ሥራውን አላቆምም ብሎ ግፊቱን ይጨምራል፤ እስከ ሁለት መቶ አርባ ይሄዳል። ናሙና የሚቀዳው ደግሞ በግራ እጅ አንዱን ዘንግ ይዞ፣ በቀኝ ጠርሙሱን ብረቶቹ መሃል አስገብቶ ነው። ቀኝ ክንድ ሌላኛውን ዘንግ መንካቱ አይቀርም። ሁሉም እንዲያ ሲያደርግ ኖሯል። ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው ይባል የለ።

የክፍሉ በር ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «ከሃምሳ ቮልት በላይ ያለ ጓንት መንካት ክልክል ነው።» ከሥሩ የጎማ ጓንት ተሰቅሏል፤ አቧራ ጠጥቷል። ከጓንቱ ጎን የሰዓት በሰዓት መዝገቡ በገመድ ተንጠልጥሏል። የሚገባ ሰው ዞሮ ሳጥኑ ድረስ እንዳይሄድ፣ ቮልቱን እዚያው በሩ ላይ ያነባል። የእሑዱን ገጽ አየሁት። ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አሥር መስመር፣ ሁሉም በሚያምር ጽሕፈት፦ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ ሁለት። መጨረሻው ላይ ፊርማ አለ።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የቮልቱን መርፌ አይቼ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ» አሉ ሽማግሌው። «ከዚያ ወንዙ ዳር ያለውን ወንፊት ላጸዳ ወረድኩ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ስመለስ ወድቃ አገኘኋት። መርፌው ሁለት መቶ አርባ ላይ ቆሟል። ማብሪያውን አጠፋሁ። የጨው ቧንቧው ተዘግቷል። እኔ አልዘጋሁትም።»

«ማን ዘጋው ታዲያ፣ ጋሼ?»

«ጭጋግ» አሉ።

*

ጭጋግ የእርሻው የርጭት ሠራተኞች አለቃ ነው። ስሙ የወጣለት ሁልጊዜ ከነጭ ብናኝ ውስጥ ስለሚወጣ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ማጣሪያው በር ላይ፣ አሥር ሰው እየሰማ፣ «ይቺ ሴትዮ ውሃ ውሃ ስትል አንድ ቀን ውሃ ይበላታል» ብሎ ጮኾ ነበር። እሷ ባቀረበችው ናሙና የተነሳ ወንዙ ዳር መርጨትና እሑድ መርጨት ተከልክሏል፤ ሠላሳ ሰው ከሥራ ወጥቷል። በስልኳ ላይ ደግሞ የቅዳሜ ማታ የመጨረሻው ጥሪ የእሱ ሆኖ አገኘነው።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛዬ ፊት ተቀመጠ። እጁ እንደ ደረቀ መሬት የተሰነጣጠቀ፣ ዓይኑ የቀላ ሰው ነው።

«እሑድ የት ዋልክ?»

«ቤቴ።»

ሚስቱም ቤት ነበር አለች። ሳጅኗ የጠየቀቻት ጎረቤት ግን በሩ ቀኑን ሙሉ ተቆልፎ ነበር አለች። ቅዳሜ ለምን ደወልክላት ስለው መሬት መሬት አየ። አሰርኩት። ከሰዓት ላይ ወሬው ከተማውን አዳረሰው፤ የቤቱ መስኮት በድንጋይ ረገፈ፣ ሚስቱ ልጆቹን ይዛ እህቷ ዘንድ ገባች። ሰው ሁሉ ያንን ውሃ ይጠጣል፤ ቂሙን የሚያራግፍበት ሰው ደግሞ አገኘ። በሦስት ቀን ውስጥ ወይ አስከስሰዋለሁ ወይ እለቀዋለሁ። ያለ ማስረጃ ብለቀው የሚቀጥለው ድንጋይ መስኮት ላይ እንደማያርፍ አውቅ ነበር።

የማጣሪያውን ሥራ አስኪያጅ ከተጠርጣሪዎች ለማስወጣት አሥር ደቂቃ በቃኝ። እሑድ ሦስት መቶ ሰው ባለበት ሰርግ ላይ ሚዜ ሆኖ ሲጨፍር ውሏል፤ ቪዲዮውን ሳልጠይቀው አሳየኝ። ከኬሚስቷ ጋር ይጨቃጨቁ እንደነበር አልካደም። ሠራተኛው «እመት ባቄላ» ይላት ነበር አለ። መሣሪያ እስኪገዛ አልጠብቅም ብላ ውሃውን በባቄላ ችግኝ ትፈትነው ነበርና። ይህን ሲናገር ሊስቅ ጀምሮ ድንገት አፉን ያዘ። የተሰረዘውን ወረቀት ሳነሳበት፣ ጠርሙስ ደጋግመው ስለሚጠቀሙ የድሮውን ጽሑፍ ሰርዘው አዲስ እንደሚጽፉ ነገረኝ። አመንኩት። ያ ስህተቴ አንድ ቀን በላብኝ።

ሽማግሌው ማክሰኞ ጠዋት ጣቢያ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

«አመነ?» አሉኝ።

«ገና ነው።»

ራሳቸውን ነቅንቀው እስከ ምሳ ሰዓት ዝም ብለው ተቀመጡ። አሳዘኑኝ። ጭጋግን ገፋ አድርጌ እንድጠይቀው ካደረጉኝ ነገሮች አንዱ የእሳቸው ዝምታ ነበር፤ አልዋሽም።

*

የኬሚስቷን ክፍል ያየነው በዚያው ቀን ነው። ጠረጴዛ፣ አሮጌ ሚዛን፣ ጋውን መስቀያ፣ መስኮቱ ሥር ሦስት የፕላስቲክ ሳጥኖች። ሳጅኗ ያደገችው እርሻ ቤት ስለሆነ ከእኔ ቀድማ ጎንበስ አለች።

በመጀመሪያው ሳጥን ላይ «ወንዝ» ተብሎ ተጽፏል። ባቄላው ከቅጠሉ ጠርዝ ጀምሮ ቢጫ ሆኖ ደርቋል። በሁለተኛው ላይ «ገንዳ፣ ከጨው ጋር» ይላል። ይኸኛው ቆሟል፤ ግን ቅጠሉ ተኮማትሯል፣ ቁመቱም የሕፃን ጣት አያህልም። ሦስተኛው ውስጥ ምንም የለም፤ አፈሩ ደረቅ ነው። ሳጅኗ በጣቷ ጫር ስታደርገው ስድስት የባቄላ ፍሬዎች በሥርዓት ተቀብረው አገኘች። ውሃ አልነካቸውም።

«ይቺ ውሃ እየጠበቀች ነው» አለች።

በሦስተኛው ሳጥን ላይ የተጻፈውን አነበብኩ፦ «ገንዳ፣ ያለ ጨው። እሑድ።»

ከጠረጴዛዋ ደብተር ላይ የቀረውን ተረዳን። ኤሌክትሪኩ የአረሙን መርዝ ይሰብረዋል፤ ጨው ሲኖርበት ግን በምትኩ ሌላ መርዝ ይወልዳል ብላ ጠርጥራለች። ሁለተኛው ሳጥን ጥርጣሬዋን አጠናክሮታል። ስለዚህ እሑድ ጨውን ልታስቆም ነበር። ቧንቧውን የዘጋው ደብቆ የገባ ነፍሰ ገዳይ ላይሆን ይችላል።

«ራሷ ዘጠኝ ሰዓት መጥታ ዘግታው፣ ረስታ እጇን ከትታ ይሆን?» አለች ሳጅኗ።

ደስ የሚል ሐሳብ ነበር። ማንም አልገደላትም፣ ጭጋግ ቤቱ ይገባል፣ አባትም ያርፋሉ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እኔ ግን ነገሩ በዚያው እንዲጠራ ቸኩዬ ነበር። ሳጅኗ ከሐሳቧ አልወጣችም። «ያንን ደንብ በሩ ላይ የጻፈችው ራሷ ናት። በገዛ እጇ ጨው ዘግታ ጓንት ሳታደርግ ትገባለች?»

*

ረቡዕ ጠዋት ኤሌክትሪሺያኑን ገንዳውን እንደ ድሮው አስነሳልኝ አልኩት። ጨው እየተንጠባጠበ መርፌው ሃያ ሁለት ላይ ሲረጋ፣ ልክ ሦስት ሰዓት ላይ ቧንቧውን ዘጋሁና ሰዓቴን ይዤ ሳጥኑ ፊት ተቀመጥኩ። አሥር ደቂቃ አለፈ።

«ስንት?» አለች ሳጅኗ ከበሩ።

«ሃያ ሁለት።»

ግማሽ ሰዓት ሲሆን ሃያ አራት ሆነ። በአንድ ሰዓት አርባ አንድ። ኤሌክትሪሺያኑ እየተቁነጠነጠ ገንዳው ትልቅ ስለሆነ የቀድሞው ጨው ተጠርጎ እስኪወጣ ጊዜ እንደሚፈጅ ነገረኝ። በሁለት ሰዓት መቶ ሠላሳ ደረሰ። መርፌው ሁለት መቶ አርባን ሲነካ ሰዓቴ ስድስት ይል ነበር። ሦስት ሰዓት ሙሉ።

ኤሌክትሪሺያኑ ሄዶ ማብሪያውን አጠፋ። እሱም ገብቶታል። አባትዬው ሲያገኟት መርፌው ሁለት መቶ አርባ ላይ ከነበረ፣ ጨው የተዘጋው ቢዘገይ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። በሰባት፣ በስምንትና በዘጠኝ ሰዓት ሃያ ሁለት ሊነበብ አይችልም። መዝገቡ ግን ሃያ ሁለት ይላል።

ወደ ጣቢያ ስመለስ ጭጋግን አስጠራሁት። ዘጠኝ ሰዓቱን ትቼ የእሑድን ጠዋት ጠየቅኩት። ተናገረ። እሑድ ከጠዋት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰው ይዞ ሲረጭ ውሏል፤ የተከለከለ ርጭት። ከተናገረ እሱም አሥራ ሁለቱም ከሥራ ይባረራሉ። ቅዳሜ የደወለላትም ይህንኑ ሊነግራት ነው።

«እሷን የምታስፈራራት አንተ፣ ለእሷ ትነግራት ነበር?»

«ሁልጊዜ እነግራታለሁ። በር ላይ የጮኽኩት የእርሻው ጌቶች እንዲሰሙ ነው። ልጆቼ ያንን ውሃ ይጠጣሉ፣ ኢንስፔክተር። እኔ እረጫለሁ፣ እሷ ታጠራለች። ምን ላድርግ?» ፊቱን በተሰነጣጠቀ እጁ ሸፈነ። «ደህና፣ መርዝ የሚበዛበት ቀን ለፈተና ይመቸኛል ነው ያለችኝ።»

ከአሥራ ሁለቱ ሁለቱ ቃላቸውን ሰጡ። ጭጋግን በጓሮ በር አሳልፌ የሚስቱ እህት ቤት አደረስኩት። ጌቶቹ ማክሰኞ ዕለት አባረውታል፤ ያንን ልመልስለት አልቻልኩም።

*

መዝገቦቹን ሁሉ ጣቢያ አስመጣን። ሳጅኗ የሁለት ዓመት ገጾች ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። የሽማግሌው የሥራ ቀን ጽሕፈት ትንሽ ትንሽ ይዋዥቃል፤ ሃያ አንድ፣ ሃያ ሦስት፣ መብራት ሲደክም አሥራ ዘጠኝ። እሑድ እሑድ ግን ከላይ እስከ ታች ሃያ ሁለት ብቻ ነው። በአንድ ትንፋሽ፣ በአንድ ቀለም የተጻፈ።

«እሑድ እሑድ መብራቱም ያርፋል እንዴ?» አለች።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አልኳት። ከእሷ በላይ ያወቅኩት ብልህ ስለሆንኩ አይደለም። የእኛ ጣቢያ የጥበቃ መዝገብም ማታ ማታ ቁጭ ተብሎ በአንድ ጊዜ ነው የሚሞላው፤ «ሰላም ነው» ተብሎ አሥራ ሁለት ጊዜ። የምፈርመው እኔ ነኝ። አንድም ቀን አጥሩን ዞሬ አላየሁም።

ከምርመራ ክፍል ጠርሙሷ መጣች። ወረቀቷን አድርቀው፣ የፈሰሰውን ጽሑፍ በመብራት አንብበው፣ በሌላ ወረቀት ገልብጠውልኛል። አነበብኩትና ኪሴ ከተትኩት። ለሳጅኗም ወዲያው አላሳየኋትም።

*

ሐሙስ ከሰዓት ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ልጅቷ ከአባቷ ጋር ነው የምትኖረው። ግቢው ተጠርጓል። ቧንቧው ሥር አንድ የፕላስቲክ ሳፋ ተደፍቷል፤ አጠገቡ አጭር በርጩማ አለ። ሽማግሌው ወንበር አምጥተውልኝ እሳቸው በርጩማዋ ላይ ተቀመጡ። ቱታቸው ዛሬም የተተኮሰ ነው።

«አመነ?» አሉ።

«ለቅቄዋለሁ፣ ጋሼ። እሑድ ሌላ ቦታ ነበር።»

አልተቆጡም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው። እኔም አልቸኮልኩም፤ መዝገቡን ጉልበቴ ላይ ከፈትኩት።

«ገንዳው ጨው ለማጣት ሦስት ሰዓት ይፈልጋል። ቁጭ ብዬ አይቼዋለሁ። ሰባት ሰዓት ላይ ሃያ ሁለት ሊሆን አይችልም። ስምንትም፣ ዘጠኝም እንደዚያው። እሑድ መርፌውን ስንት ጊዜ አዩት?»



«አንድ ጊዜ» አሉ። «ጠዋት ስገባ።»

ከዚያ በኋላ መጠየቅ አላስፈለገኝም። እናትየዋ ስትሞት ልጅቷ አራት ዓመቷ ነበር። ሌላውን ሁሉ ጎረቤት ያግዛል፤ ጠጉሯን ግን ሌላ ሰው ሲነካባት ታለቅሳለች። እሑድ እሳቸው ፈረቃ ናቸው፤ አለቃ አይመጣም። ስለዚህ ጠዋት ገብተው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለውን የፈረቃቸውን መዝገብ ሞልተው ይፈርማሉ፤ አራት ሰዓት ላይ ወጥተው ቤት ይመጣሉ፤ በዚህች ሳፋ ጠጉሯን አጥበው፣ በዚህች በርጩማ አስቀምጠው ይጎነጉኑላታል። ያን ጊዜ ፓምፕ ብቻ ነበር፤ ማንም አልተጎዳም። እሷ እሑድ የአባቷ የእረፍት ቀን እየመሰላት አደገች። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ራሷ መጎንጎን ጀመረች።

«ከዚያ ወዲያ ለምን ይመጡ ነበር?»

«እግሬ ነዋ የሚያመጣኝ። መጥቼ እበላለሁ፣ ጋደም እላለሁ። እሷ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስለምትውል አታየኝም ነበር። አለቃዬ ከሆነች ወዲህ ደግሞ እንዴት ብዬ ልንገራት? በአባዬ መዝገብ ዓይኔን ጨፍኜ እምላለሁ ትል ነበር፣ ለሁሉም።»

ከደረት ኪሳቸው፣ ከሁለቱ እስክሪብቶዎች ኋላ፣ የታጠፈ ወረቀት አወጡ። ቅዳሜ ማታ እሷ ሚስማር ላይ ሰክታ የሄደችው ትእዛዝ ነው፦ «እሑድ ከአራት ሰዓት ጀምሮ ጨው ይዘጋ። ዘጠኝ ሰዓት መጥቼ እቀዳለሁ።» ጠዋት ሲገቡ እንደ ልማዳቸው መዝገቡን ሞልተው ከጨረሱ በኋላ ነው ያዩት። አራት ሰዓት ሲሆን ቧንቧውን ዘጉ። ስምንት ሰዓት ተመልሼ ትክክለኛውን አይቼ አዲስ ገጽ እጽፋለሁ ብለው ወደ ቤት ሄዱ። እንቅልፍ ጣላቸው። ሲነቁ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ነበር፤ ሮጡ።

ትእዛዟን ብቻ ፈጽመው መዝገቡን ባዶ ቢተዉት አትሞትም ነበር። መዝገቡን ሞልተው ትእዛዟን ቢረሱም አትሞትም ነበር። ይህን እኔ አልነገርኳቸውም፤ ራሳቸው አራት ቀን ሙሉ ሲያሰላስሉት ኖረዋል።

«ያንን ሰው ለምን?» አልኩ።

«ሌላ ሰው መሆን ነበረበት» አሉ። «እኔ እንዳልሆን።»

መዝገቡን ዘጋሁ። ተነሱ፣ ቱታቸውን አራገፉ፣ እጃቸውን ለካቴና ዘረጉልኝ። ካቴና አላመጣሁም ነበር። በሩ ጋ ስንደርስ ቆሙ።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅህ፣ ልጄ። ጨውን እንደዘጋሁላት አውቃ ነበር?»

ልዋሽ እችል ነበር። ፋይሉ ሞልቷል፣ የእምነት ቃል አለኝ። ግን ሁላችንንም እዚህ ያደረሰን ውሸት ነው፤ ደግሞም ዓይናቸው ዓይኔን ይዞታል። ከኪሴ ወረቀቱን አውጥቼ ሰጠኋቸው። ጠርሙሷ ላይ «ያለ ጨው» ብላ ጽፋ መጥታ፣ በሩ ላይ መዝገቡን አንብባ ሰርዛዋለች። ከሥሩ እንዲህ ብላለች፦ «22። አባዬ ረስቶታል። ነገ ይደገም።»

ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ዘግቼላት ነበር እኮ» አሉ። «ዘግቼላት ነበር።» ወደ ቧንቧው ተመልሰው በርጩማዋ ላይ ተቀመጡና እንደ ሕፃን ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። ፀሐይ እስክትጠልቅ ጠበቅኳቸው።

*

ቸልተኝነትና የሐሰት ጥቆማ ብለን ፋይሉን ለዐቃቤ ሕግ አሳለፍን። ሳጅኗ ግን ሌላ ነገር አልለቀቃትም። ኬሚስቷ ጨው አለበት ብላ የሰረዘችው፣ የርጭት ቀን ስለሆነ ብቻ ግን የቀዳችው ውሃ፣ ያ ራሱ የፈለገችው ውሃ ነበር፤ በርጭት ቀን የተቀዳ፣ ጨው የሌለበት። ግማሹን ለፋይሉ አሽገን አስቀረን። ግማሹን፣ ደንብ ባይፈቅድም፣ ሦስተኛው ሳጥን ላይ በየቀኑ በማንኪያ አጠጣችው። ጣቢያው መስኮት ላይ ተቀምጦ ተረኛው ሁሉ እያሾፈ አለፈው። ለማሾፍ እኔም አልሰነፍኩም።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሳጥኑን ይዤ ሽማግሌው የታሰሩበት ክፍል ገባሁ። ፊታቸው ከስቷል፤ ቱታቸው ተጨማዷል። ስድስቱም ባቄላ በቅሏል። ሽማግሌው አንዱን ቅጠል በሁለት ጣታቸው ይዘው ገለበጡት፣ ጠርዙን አዩ፣ ወደ ብርሃኑ አዘነበሉት፤ እንዴት እንደሚታይ ያስተማረቻቸው እሷ ትሆናለች። ስድስቱንም እንዲያ አዩ። ቢጫ የለም። የተኮማተረም የለም።

«እስክሪብቶ አለህ?» አሉኝ።

ሰጠኋቸው። ሳጥኑን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ልጃቸው «ገንዳ፣ ያለ ጨው። እሑድ» ብላ ከጻፈችው ሥር፣ በዚያ በሚያምር ጽሕፈታቸው አንድ መስመር ጨመሩ፦ «ጨው በአራት ሰዓት ተዘግቷል።» ፈረሙበት። ከዚያ እስክሪብቶዬን መለሱልኝ፤ እስረኛ እስክሪብቶ መያዝ አይፈቀድለትም።